ደም ለመሙላት የበላሁት ሁሉ

ባለቤቴ ሲሞት ደሜን ይዞብኝ የሄደ ነው የመሰለኝ። ይህን የምለው ለማስለቀስ አይደለም፤ እኔው ያለቀስኩት ለሁላችሁም ይበቃል። የምለው ነገሩ እንዲያ ስለነበረ ነው። እሱ በሄደ በጥቂት ወራት ውስጥ ከንፈሬ ነጣ፤ ጥፍሬ እንደ ማንኪያ ጎደጎደ፤ ጆሮዬ ውስጥ ባቡር ይሄድ ጀመር። ልደታ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ባቡር መስማት ብርቅ አይደለም፤ እታች ሐዲዱ ላይ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ስለዚህ የጆሮዬን ባቡር ከመንገዱ ባቡር ለይቼ እስካውቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። የመንገዱ ባቡር መብራት ሲጠፋ ይቆማል። የኔው አይቆምም።

ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕጣው የደረሰን ጊዜ ባለቤቴ «እንኳን አራተኛ ሆነ፤ ስንወጣ ስንወርድ ሳናረጅ እንቀራለን» ብሎ ነበር። እሱ ሳያረጅ ቀረ። ደረጃው ለኔ ተረፈኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ከአብነት ጎመን ገዝቼ ስመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ወደኔ መጣ። እኔ አልሄድኩበትም፤ እሱ ነው የመጣው። ጎመኔን እንዳቀፍኩ ቁጭ አልኩ። በሯን ከፍታ ያየችኝ አስካለ ናት። አስካለ የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቴና የእድራችን የሴቶች ሰብሳቢ ናት። ሰው ሲሞት ድስቱን ማን እንደሚያወጣ፣ ሽንኩርቱን ማን እንደሚከትፍ የምታዘው እሷ ናት። ሰው ሳይሞት ያለውንም ጊዜ ለማዘዝ ትሞክራለች።

«ምን ሆነሽ ነው እዚህ የተቀመጥሽው?»

«ጎመን እየመረጥኩ ነው» አልኳት።

«ደረጃ ላይ?»

«ብርሃኑ ጥሩ ነው።»

አስካለ አጠገቤ ተንበርክካ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ገለጠች፤ አየችና ዝም አለች። ሐኪም ዝም ሲል በሽተኛው ይፈራል፤ አስካለ ዝም ስትል ሰፈሩ ይፈራል። ከሰዓት በኋላ ልጄ ሂሩት ከአዳማ ደወለች። ማን እንደነገራት አልጠየቅኳትም።

ጤና ጣቢያ የመረመረኝ ዶክተር ልጅ እግር ነው። ብዙ ነገር ከመረመረ በኋላ ሌላ የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ ነገረኝ። «እናቴ፣ ደምዎ በጣም አንሷል። የብረት እጥረት ነው» አለኝ። ኪኒን ጻፈልኝና ስለ ምግብ ማውራት ጀመረ። «ጉበት ይብሉ፣ ቀይ ሥጋ ይብሉ…»

«ሁዳዴ እኮ ነው ዶክተር።»

እስክርቢቶውን አስቀምጦ አየኝ። «እንግዲያው ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ የዱባ ፍሬ። እንጀራዎ የጤፍ ይሁን። ከምግቡ ጋር ሎሚ ወይም ቃሪያ አይጥፋ፤ ሰውነትዎ ብረቱን እንዲወስደው ይረዳል።» ሌላም ነገር አለ፤ ነገር ግን እዚያ ላይ በጆሮዬ ባቡር እያለፈ ነበር። ዶክተርን ድገምልኝ ማለት ነውር መሰለኝና ራሴን ነቀነቅኩ። ለሆሳዕና ሳምንት ቀጠረኝ።

እየወጣሁ ግን ግር አለኝ። የቆጠረልኝ ሁሉ ስበላው የኖርኩት ነው። ሌላ አገር ሄጄ የምፈልገው መድኃኒት ቢያዝዝልኝ ኖሮ አጥቼው ነው እል ነበር። ምስር በጓዳዬ ተቀምጦ ደም አጣሁ ማለት ግን ውኃ አጠገብ ሆኖ እንደ መጠማት ነው የሆነብኝ።

በሳምንቱ ሂሩት ራሷ መጣች። ልጄ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት፤ ስብሰባ እንደምትመራ ሁሉ ከፊቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ እንዲህ እናድርግ። በቀጠሮሽ ቀን ደምሽ ከፍ ብሎ ከተገኘ እዚሁ ትኖሪያለሽ፤ ሁለተኛ አልነዘንዝሽም። ካልሆነ ግን ከኔ ጋር አዳማ ነው። የኔ ቤት ደረጃ የለውም። ይሄን እናከራየዋለን።»

«ከተከራየ ቀለም ይቀቡታል?» አልኳት።

«ምን?»

«ተከራዮች። ግድግዳውን ቀለም ይቀቡታል ወይ?»

«ይቀቡት ይሆናል። ምን ያሳስብሻል?»

ዓይኔ ወደ ግድግዳው ሄደ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሳሎናችን ውስጥ በመስኮቱና በቁም ሳጥኑ መካከል፣ ግድግዳው ላይ አንድ የጠቆረ ቦታ አለ። ባለቤቴ ምሳውን በልቶ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ ራሱን የሚያስደግፍበት ነው። ስንት ዘመን በሳሙና አሽቼ፣ ስንት ዘመን ተጨቃጭቄበት አልለቅ ያለ የራስ ቅባት። አሁን በጨርቅ እንኳን አልነካውም። ደሜ ካልሞላ ያንን ቦታ ሰው ነጭ ሊቀባው ነው። ስለዚህ መብላት ጀመርኩ።

የንስሐ አባቴ «ሰዓት አትጠብቂ፤ በልተሽ ጹሚ» አሉኝ። ችግሩ አስካለም ይህን መስማቷ ነው።

አስካለ ስለ ምግብ ያላት እውቀት አንድ ነው፤ እሱም ቀለም ነው። «ደም ምንድን ነው? ቀይ ነው። እንግዲህ ቀይ ብዪ» አለችኝ። በማግስቱ ቀይ ሥር ቀቅላ መጣች። ቀይ ሥር በሎሚ፣ ቀይ ሥር ከድንች፣ ቀይ ሥር ተፈጭቶ በብርጭቆ። ቲማቲም። ቀይ ሽንኩርት። የምስሩን ወጥ እንኳ አልጫ ሠርቼ ስታገኘው በርበሬ ጨመረችበት። ከፊቴ ቁጭ ብላ በእጇ ታጎርሰኛለች። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ። በሞቴ።» አስካለ በሞቴ ባለች ቁጥር ብትሞት ኖሮ እድራችን ከስሮ ይዘጋ ነበር።

በሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ሰሚራ ደግሞ በዚህ አትስማማም። ሰሚራ የስልጤ ልጅ ናት፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የጥራጥሬ ሱቅ አላት። «እትዬ፣ ቀይ የሚሏትን አይስሟት። አረንጓዴ ነው። እኛ አገር አራስ የምትነሣው በጎመን ነው» ብላ ጎመንና ቆጮ ይዛ ትወጣለች። እሷም ረመዳን ላይ ስለነበረች የሠራችውን አትቀምሰውም። አንድ ቀን ጨው የለውም፤ አንድ ቀን ደግሞ የሁለቱንም ቀን ጨው ይዟል። ምንም አልላትም። ተርባ አብስላ ላመጣች ሴት ጨው በዛ ማለት አይሆንልኝም።

ሁለቱ በኔ ሳሎን ሲገናኙ ከሳህናቸው በላይ ይተያያሉ።

«ጎመን ደም ሲሆን አይተሽ ታውቂያለሽ?» ትላለች አስካለ።

«ቀይ ሥርስ? ልብስ ሲያበላሽ ነው እንጂ ያየሁት» ትላለች ሰሚራ።

እኔ ለሁለቱም እበላለሁ። የአንዷን በልቼ የሌላዋን ብተው ሁለተኛ ፎቅና ሦስተኛ ፎቅ ይጣላሉ፤ እኔ ደግሞ በሁለቱም በኩል ካላለፍኩ ቤቴ አልደርስም።

አንድ ነገር ብቻ ማንም ሳያዘኝ የራሴ ነበር፤ የገበታ ሻይ። ከገበታ ሳንነሣ ሻይ መጠጣት የቤታችን ደንብ ነው። ባለቤቴ የመጨረሻውን እንጀራ ሳይውጥ ሻዩ ፊቱ ካልቀረበ ያኮርፍ ነበር፤ ያውም ጥቁር፣ ቅርንፉድ የበዛበት፣ አፍ የሚያኮማትር። አሁንም ያቺን ሁለት ብርጭቆ የምትይዝ በራድ እጥዳለሁ። ኪኒኔንም የምውጠው በሻይ ነው። አስካለ አንድ ቀን በራዱን ከፍታ አየችውና ደስ አላት።

«ይሄም ቀይ ነው» አለች። «ጠጪ። ጠበቅ አድርጊው እንጂ።»

ከዚያ የባቄላው ጉዳይ መጣ። ሰሚራ ባቄላ ተዘፍዝፎ ሲበቅል ሰውነት በቀላሉ ይወስደዋል ሲባል ሰማችና ጉንቁል እንሥራ አለች። በዚህ ላይ አስካለም ተስማማች፤ ቀለሙን ለጊዜው ይቅር አለችው። ጥፋቱ ግን ዘፍዛፊዋ አስካለ መሆኗ ነው። አስካለ በሕይወቷ ለአንድ ሰው አብስላ አታውቅም፤ እጇ የተለማመደው ለለቅሶ ቤት ነው። ሰሚራ በማዳበሪያ የላከችውን ባቄላ ሁሉ መታጠቢያ ቤቴ ውኃ በማጠራቅምበት በርሜል ውስጥ ገልብጣ ሄደች። ከዚያም የቧንቧው ውኃ እንደ ልማዱ ጠፋ። ባቄላው ግን ውኃዬን ጠጥቶ አበጠ፤ በርሜሉን ሞላ፤ ክዳኑን አነሣ። ጭራ አበቀለ። መታጠቢያ ቤት በገባሁ ቁጥር የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ጉንቁል፣ ማታ ጉንቁል። ሆዴ ንግግር ጀመረ። ቅዳሴ ላይ እንኳ፣ ሁሉም ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ከአጠገቤ የቆመችው ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ፈንጠር አለች።

በዚህ መካከል ሂሩት ደወለች። «እማዬ፣ ሁለት ሰዎች ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። ለማየት ብቻ ነው፤ ምንም አልወሰንኩም።»

ልቤ ደረጃ ሳልወጣ መታ። መጀመሪያ በሩን ላለመክፈት አሰብኩ። ቀጥሎ የተሻለ የመሰለኝን አሰብኩ፤ እታች ድረስ ወርጄ ልቀበላቸውና ፊት ፊታቸው ልውጣ። ይቺ ሴትዮ ምንም አልሆነችም ብለው ለሂሩት ይንገሯት።

የመጡት ሊጋቡ የተቃረቡ ልጅና ልጅት ናቸው፤ ጨዋዎች። «ኑ፣ ተከተሉኝ» ብዬ እንደ ወጣት ጀመርኩት። አንደኛ ፎቅ ደረስኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባቡሩ በጆሮዬ ገባ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ የደረጃውን ብረት ያዝኩና ወደ ውጭ ዞርኩ።

«ከዚህ ላይ የሰንጋ ተራ ሕንፃዎች ይታያሉ» አልኳቸው።

ልጆቹ አብረውኝ ቆመው አዩ። ትንፋሼ አልተመለሰም።

«ያኛው ገና እየተሠራ ነው» አልኩ። ቆየሁና፣ «ያኛውም» አልኩ።

ጸጥታው ውስጥ ሆዴ ረጅም ነገር ተናገረ። ልጁ ኪሱን ዳበሰ፤ ስልኩን አውጥቶ አየና መልሶ ከተተው።

ቤት ስንገባ ልጅቱ እጄን አየች። መዳፌ በቀይ ሥር ቀልቶ ነበር። ወደ እጮኛዋ ጠጋ አለች። ክፍሎቹን አየች፤ መስኮቱን በስንዝር ለካች። ከዚያ ግድግዳው ፊት ቆመችና ጣቷን ወደዚያ ቦታ ዘረጋች።

«ይሄ ቀለም ሲቀባ ይጠፋል አይደል?»

«አይጠፋም» አልኩ።

«ለምን?»

«ከውስጥ የሚመጣ እርጥበት ነው። ሲቀቡት ይብሳል።» እርጥበት በሕይወቱ ያላየ ግድግዳ ነው። ከጀመርኩ አይቀር ቀጠልኩ። ባቡሩ እንደማያስተኛ፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ውኃ ከመጣ ዘመን እንዳለፈው ነገርኳቸው። «ታዲያ በምን ይጠቀማሉ?» ብሎ ልጁ መታጠቢያ ቤቱን ከፈተው። በርሜሉንና ከበርሜሉ የወጣውን ባቄላ አየ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እየወረዱ ልጅቱ ሳሎኑን እንደወደደችው ስትናገር ሰማሁ። ያን ቀን ሁለት ሳህን ጎመን ጨምሬ በላሁ።

የቀጠሮው ቀን ሂሩት መጣች። በእጇ ትልቅ ሰማያዊ ሻንጣ ይዛለች፤ ባዶ ነው፤ ስታስቀምጠው እንደ ከበሮ ጮኸ። እበሩ አጠገብ አቆመችው። እኔም እሷም ስለ ሻንጣው አላወራንም። ስንወርድ አስካለ በሯ ላይ ቀይ ሥር ይዛ ትጠብቀን ነበር።

«ለመንገድ» አለች።

«እትዬ አስካለ፣ ጤና ጣቢያው እኮ እዚህ ነው» አለች ሂሩት።

«ደሟ ግን ሩቅ ነው» አለች አስካለ፤ አጎረሰችኝም።

ዶክተሩ የደሜን ውጤት ወረቀት አየ። ወደኔ አየ። እንደገና ወረቀቱን አየ። ሂሩት እጄን ያዘችኝ፤ የያዘችኝ ለማጽናናት ይሁን ለመውሰድ አላወቅኩም።

«እናቴ፣ ምንም አልጨመረም ማለት ይቻላል። ያልኩዎትን ይበሉ ነበር?»

ይህችን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት። ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ተልባውን፣ የሁለተኛ ፎቅን ቀይ ሥር፣ የሦስተኛ ፎቅን ጎመን፣ በርሜሉን ሳይቀር ነገርኩት። ዶክተሩ እየሰማ ቅንድቡ ወደ ላይ ይሄድ ነበር።

«የቀይ ሥር ቀለም ደም አይሆንም፤ ቢሆንም አይጎዳም» አለ። «ምስሩና ጎመኑ ግን ይሄን ያህል ተበልቶ ትንሽ እንኳን መጨመር ነበረበት። ኪኒኑንስ ይውጣሉ?»

«አንድም ቀን አልዘለልኩም።»

«በምን ነው የሚውጡት?»

«በሻይ።»

ዶክተሩ እስክርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። «ሻይ መቼ መቼ ይጠጣሉ?»

«ምሳ ላይ። ከገበታ ሳልነሣ። ማታም እንደዚሁ።»

«እናቴ፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ ብረቱን ያስረዋል። በልተውታል፤ ሆድዎም ገብቷል፤ ሰውነትዎ ግን ሳይወስደው ያልፋል። ከምግብ በኋላ ቆየት ብለው ነው መጠጣት ያለብዎት። ባለፈው የነገርኩዎት ይመስለኛል።»

«ያን ጊዜ ባቡር እያለፈ ይሆናል» አልኩት።

አልገባውም። «ስንት ብርጭቆ ነው በአንድ ጊዜ?»

«አንድ።»

ሂሩት ዞር ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ በመጣሁ ቁጥር ማጠቢያው ላይ ሁለት ብርጭቆ ነው የማየው። እንግዳ መጥቶ ነው ትዪኝ ነበር።»

ወለሉን አየሁ። አንድ ብቻ ነው ብዬ መጽናት እችል ነበር። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ጎመን በኋላ መዋሸት ደከመኝ።

«አንዱ የኔ ነው» አልኩ። «አንዱ የአባትሽ ነው። እቀዳለትና ቦታው ላይ አስቀምጥለታለሁ። ሲበርድ ደግሞ መድፋት አልችልም። ማጠቢያ ውስጥ አባትሽን የደፋሁት ይመስለኛል። ስለዚህ እጠጣዋለሁ።»

ዶክተሩ የምርመራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሱንም ቢሆን ቆየት ብለው ይጠጡት» አለኝ። ኪኒኑን በውኃ፣ ሻዩን ከምግብ ርቆ፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና እናያለን አለ። እኔ የምሰማው ግን እሱን አልነበረም። ሂሩት ምን ትላለች እያልኩ ነበር።

ሂሩት እጄን ሳትለቅ እስከ ሕንፃችን መጣች። ደረጃውን ስንጀምር ከኋላዬ ሆነች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼ ሲያጥር እሷም ቆመች፤ ብረቱን ይዛ ወደ ውጭ አየች።

«ከዚህ ላይ የሰንጋ ተራ ሕንፃዎች ይታያሉ» አለች።

ልጆቹ ነግረዋታል ማለት ነው። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቀችኝ።

ምሳ በላን፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቃሪያ። ኪኒኔን በውኃ ዋጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ምን እንደማደርገው አላወቅኩም። እጄ ወደ በራዱ ይሄዳል፤ እመልሰዋለሁ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም፤ ምሳ ያለ እሱ መብላቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅኩት ያኔ መሰለኝ። ሻንጣው እበሩ አጠገብ ቆሟል። ሳህን አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሂሩት ተነሥታ ውኃ ጣደች። ቅርንፉዱን ጨመረች፤ ጥቁር እስኪሆን አፈላችው። ሁለት ብርጭቆ ቀዳች። አንዱን ለኔ ሰጠችኝ። የአባቷን ወንበር ወደ ግድግዳው ሳበች፤ ተቀመጠችበትና ወደ ኋላ አዘንብላ ራሷን እዚያ ጥቁር ቦታ ላይ አስደገፈች። የሱን ብርጭቆ አንሥታ ጠጣች። ፊቷ ተኮማተረ።

«እንዲህ እየመረረ ነበር የሚጠጣው?»

«ይብስ ነበር» አልኳት።

እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ስትሄድ ሻንጣውን ይዛ ሄደች፤ እንደ ከበሮ ግን አልጮኸም። እስካፉ ድረስ ባቄላ ሞልቼበታለሁ። «አዳማ ይሄን ሁሉ ማን ይበላልኛል?» እያለች ነው ደረጃውን የወረደችው።

ከፋሲካ በኋላ ዶክተሩ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ብቻ አየ፤ ሳቀም። ዛሬ ከአብነት ጎመን ተሸክሜ ስወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ብቆም ደክሞኝ ሳይሆን ሰሚራ ጠርታኝ ነው። ቤቱ የኔ ነው፤ ግድግዳው እንዳለ ነው፤ ባቡሩም የመንገዱ ብቻ ነው።

በራዱ አሁንም ሁለት ብርጭቆ ነው የሚይዘው። ዐሥር ሰዓት ሲሆን አስካለ ሁለት ፎቅ እያቃሰተች ትወጣለች፤ ሂሩት ስልክ ደውላ ያዘዘቻት ይመስለኛል፤ አልጠየቅኳትም። ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ የባለቤቴን ብርጭቆ ታነሣለች፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንታ ታየዋለች።

«ይኸው ቀይ» ትለኛለች። «ደምሽን የመለሰው ይሄ ነው።»

አላርማትም። ትጠጣልኝ።